የቦረና ድርቅ የሣር ድርቅ ነው

በቦረና ዝናብ ሲቀር ከመሀል አገር ቀድሞ የሚነሳው የውኃ ቦቴ ነው። ቦቴውን የቁፋሮ ማሽን ይከተለዋል። የተጠማ ሰው ውኃ ማግኘት አለበትና ቦቴው መሄዱ ተገቢ ነው። ሆኖም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፣ በዞኑ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸው ከአካባቢው አስተዳደር ሲነገር፣ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ውኃ ይዘው በቆዩበት ሥፍራ ሳይቀር ከብቱ ረግፏል። የሚጠጣው ነበረ፤ የሚግጠው ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ከየከተማው ብር ተዋጣ፣ እህልና መኖ በጭነት መኪና ተጓዘ፤ ርብርቡን ያየ ሰው የሕዝቡን ደግነት አይረሳም። ከርብርቡ በኋላ ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ አለፈ፦ ሣሩ ወዴት ሄደ?

እኔ የምከራከረው ይህን ነው። ቦረናን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ የሣር ድርቅ ሆኖ ሳለ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በውኃ ሲታከም ኖሯል። ከመድኃኒቱ አንዳንዱም በሽታውን አባብሶታል።

ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው አስፋልት ሀገረ ማርያምን ካለፈ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ቡናውና እንሰቱ ያልቃል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ዛፉ እያጠረ እሾህ ያወጣል። ያቤሎ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሞያሌ ደግሞ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከልና በግራ በቀኝ የተዘረጋው ሰፊ አምባ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ 1,000 ሜትር እየወረደ ከሰሜን ኬንያ በረሃ ጋር ይገናኛል። ከዳር ከሚያልፈው ከዳዋ በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። አፈሩ ከፍ ባለው ሥፍራ ቀይ፣ ውኃ በሚተኛበት ረባዳ ጥቁር ነው። ጥቁሩ መሬት ከቀዩ ዘግይቶ ይደርቃል፤ ሣሩም እንዲሁ። አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

የቦረና ዓመት እንደ ደጋው ዓመት አይከፈልም። ዋናው ዝናብ፣ ገንና፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ ወራት ይወርዳል። ሁለተኛው ሀገያ ይባላል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል አዶሌሳ አለ፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ነፋሱ እየበረደ ጠብታ የማይጥልበት ወቅት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ቦና ከሁሉም የከበደው በጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ቢደመር በአብዛኛው ሥፍራ ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጎጃምና ሸዋ ውስጥ ገበሬው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ጤፍ ሲዘራ፣ የቦረና እረኛ ከብቱን ወደ ጉድጓድ እየመለሰ ነው።

ይህ የወቅት ልዩነት ከመጽሐፍ ዕውቀት በላይ ዋጋ አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የአገሪቱ የምርት ግምገማ የሚያያዘውም ከክረምቱና ከመኸሩ ጋር ነው። ክረምቱ መልካም ነበር የሚለው ዜና ከመስከረም ጀምሮ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲነገር ቦረና ገና የሀገያን ደመና ይጠብቃል። ሰማዩም ቢሆን ለሁለቱ አገር አንድ ቋንቋ አይናገርም። ኤልኒኖ የደጋውን ክረምት ሲያዳክም፣ የደቡቡን ሁለተኛ ዝናብ፣ ሀገያን፣ ብዙ ጊዜ ይረዳዋል፤ ላኒና ደግሞ በተቃራኒው ሀገያን ታደርቃለች። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የሰሜንና የምሥራቁ አገር በኤልኒኖ ሲጎዳ፣ የቦረና ክፉ ጊዜ የመጣው ተራው ሲገለበጥ፣ በ2009 ነው። ከ2013 ጀምሮ ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትላ ስትመጣ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ለደጋ የተሰፋ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለዚህ አገር ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናቡ በጊዜ ብቻ ሳይሆን በቦታም አይታመንም። አንዱ ሜዳ አረንጓዴ ሲለብስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቀው ጎረቤቱ አቧራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይደኸያል፤ ሣሩ ወዳለበት የሚሄድ ይተርፋል። ቦረናዎች ኑሯቸውን የገነቡት በዚህ ላይ ነው። መንጋው ለሁለት ይከፈላል፦ የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ወራ ተብለው ከመንደር፣ ከኦላው አጠገብ ይቀራሉ፤ ወተት የሌለውና ጉልበት ያለው ከብት ፎራ ተብሎ ከወጣቶች ጋር ሩቅ አገር ይከርማል። የግጦሹ ግዛት ዴዳ ይባላል፤ ድሬ፣ ጎሞሌ፣ ማልቤ፣ ወያማና ጎልቦ አምስቱ ናቸው። እያንዳንዱ ዴዳ የዝናብ ወቅትና የበጋ ግጦሹን ለይቶ ይይዛል። አንዱ ዴዳ ሲደርቅ በሽማግሌ ለምኖ ወደ ሌላው መሻገር የቆየ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ ያስጠጋ ነገ ይጠጋልና።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው በጉድጓዱ ላይ ነው። ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የጥልቅ ጉድጓድ ሥፍራዎች፣ እንደ ዱብሉቅ፣ መልባናና ጋዮ ያሉት፣ በሰው ክንድ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠሩ ናቸው። ከብቱ በተቆፈረ ረጅም ቁልቁለት ከመሬት በታች ወዳለው ገንዳ ይወርዳል፤ ከገንዳው በታች ጉድጓዱ እስከ 30 ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። ወጣቶች በመሰላል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ ኦኮሌ በሚባለው የቆዳ ባልዲ ውኃውን በዜማ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ ቆዳውን የተቆረጠ ጀሪካን ተክቶታል። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ጎሣ ኮንፊ የሚባል ተጠሪ አለው፤ የየዕለቱን ተራ የሚያስተዳድረው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ አንድ መንጋ የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው። በመካከሉ ያሉት ቀናት ከብቱ ከጉድጓዱ ርቆ የሚግጥባቸው ናቸው።

ይህን ሥርዓት ከሩቅ የሚያይ ሰው ድካሙን ብቻ ያያል። በቅርብ ሲጤን ግን ድካሙ ራሱ ሣሩን ይጠብቃል። በአንድ ጉድጓድ ላይ በቀን ስንት መንጋ ሊጠጣ እንደሚችል በክንዱ ብዛት ይወሰናል፤ በአካባቢው የሚሰማራው ከብት ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ዝናብ በጀመረ ጊዜ ደግሞ ጉድጓዱ ይዘጋል። ከብቱ ኩሬ ወደ ተጠራቀመበት ወደ ሩቁ ሜዳ ይሰደዳል፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ዐርፎ ለበጋው ያድጋል። ስለዚህ አባ ሄሬጋው የሚያስተዳድረው ውኃ ቢመስልም፣ በውኃው በኩል የሚያስተዳድረው ሣሩን ነው። ኖርዌያዊው ዮሐን ሄላንድ በ1970ዎቹ የቦረናን ጉድጓዶች ሲያጠና የመዘገበው የሰውና የውኃ አደረጃጀት ዛሬም ዕቅድ አውጪ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው።

ከዚያ ዘመናዊው ልማት መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው ሦስተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ለቦረና የደቡብ ግጦሽ ልማት ክፍልን መሠረተ። መንገድ ጠረገ፣ ክትባት አደረሰ፣ ብዙ ኩሬም በማሽን ቆፈረ። ክትባቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ሲጠፋ የቦረና ክትባት ሠራተኞችም ድርሻ ነበራቸው። ኩሬዎቹ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጡ የነበሩ፣ በበጋ ውኃ ስለሌላቸው ብቻ ያርፉ የነበሩ ሜዳዎች አሁን ዓመቱን ሙሉ ሰውና ከብት አሰፈሩ። ውኃ ባለበት መንደር፣ መንደር ባለበት ትምህርት ቤትና ሱቅ ይከተላል፤ የሰፈረውን ሰው ተነስ ማለት ደግሞ አይቻልም፣ አይገባምም። ያረፈ ሣር ግን ከዚያ ወዲያ የለም። ውኃ የጠፋበት መሬት ለካ የሣር ጎተራ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በ1967 ዓ.ም. ገደማ፣ መንግሥት የግጦሽ ቃጠሎን ከለከለ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ደንን ማዳን። ነገር ግን ቦረናዎች በየተወሰነ ዓመቱ ከገንና በፊት ሜዳውን ሲያቃጥሉ የኖሩት ሣር ጠልተው አልነበረም። እሳቱ መዥገሩን ይገድላል፣ የደረቀውን አሮጌ ሣር ያነሳል፣ ከሁሉም በላይ ለጋውን የእሾህ ችግኝ ይፈጃል። መታ ጉዴሳና አላሎ የሚባሉት ጥሩ ሣሮች ሥራቸው ከእሳት ይተርፋል፤ የግራር ችግኝ አይተርፍም። እሳቱ ሲቆም ፉሌንሳ የሚባለው ግራርና ዘመዶቹ ሜዳውን ወረሱት። ዛሬ በያቤሎ ዙሪያ ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ ሊያልፍበት የማይችል ቁጥቋጦ የሞላባቸው ሥፍራዎች በአዛውንቶች ትዝታ ውስጥ ገላጣ ሜዳ ናቸው። ክልከላው ከጊዜ በኋላ ቢላላም ነገሩ በቀላሉ አይመለስም። ለማቃጠል የሚቀጣጠል ሣር ያስፈልጋል፤ ቁጥቋጦ ከወረሰው መሬት ላይ ደግሞ ሣር የለም።

ላሟ ሣር በላተኛ ናት፤ ግመልና ፍየል ቅጠል ይቀጥፋሉ። ስለዚህ ቁጥቋጦው የኑሮውንም መልክ ለወጠው። በከብት ብቻ ይታወቅ የነበረው የቦረና ቤተሰብ ፍየል አበዛ፣ አቅም ያለውም ግመል ገዛ። ይህ ብልህነት ነው፤ ሆኖም ግመል ውድ በመሆኑ ለድኃው ቤተሰብ መንገዱ ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ መሬት ልመለስ። ረባዳው በበጋ የመጨረሻው ሣር የሚገኝበት ሥፍራ ነበር። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው በቆሎና ቦሎቄ መሞከር በመሆኑ፣ እርሻው የሚያርፈው እርጥበት ባለበት በዚሁ ረባዳ ላይ ነው። ባለሙያዎች በአብዛኛው ዓመት ምርት እንደማይሰጥ እያወቁም እርሻውን ያበረታቱበት ዘመን ነበር። አራሹን መውቀስ አልችልም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። አንድ ሄክታር ረባዳ ሲታረስ የሚጠፋው የአንድ ሄክታር ሣር ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ብዙ ሄክታር ቀይ መሬት በበጋ መጠጊያውን ስለሚያጣ ዋጋው ይወርዳል። ካሎ በሚባለው የጥጆች ክልል ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ካሎ በኦላው ስምምነት ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚታጠር የጋራ መሬት ነበር፤ በብዙ ሥፍራ የግል አጥር እየሆነ መጥቷል።

የአስተዳደር ወሰንም የራሱን ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተስማሙበት ድንበር ሕዝቡን ለሁለት አገር ከፈለ። ከ1983 ወዲህ ደግሞ የክልል ወሰን መጣ፤ በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በሞያሌና በአካባቢው በተደጋጋሚ የተነሳው ግጭት ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። ከሁለቱም ወገን የሞተው ሰው ነውና ማን ጀመረ የሚለውን እዚህ አላነሳም። ለሣሩ የሆነውን ብቻ ልናገር፦ በድርቅ ጊዜ በልመና ይከፈት የነበረ ሜዳ በወሰን ክርክር ተዘጋ፤ ጠመንጃ በሚፈራበት ሥፍራ ሣሩ ሳይጋጥ ይቀራል፤ ከብቱ ደግሞ ደኅና በሆነው ጠባብ መሬት ላይ ይከማቻል።

ከብቱ በድርቅ የሚያልቅበት ዋና ምክንያት ምን እንደሆነ ምሁራኑ ራሳቸው አልተስማሙም። ሌይን ኮፖክና ሰሎሞን ደስታ ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ያለውን የከብት ቁጥር መርምረው፣ መንጋው ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ በ1976 እና በ1977፣ ከዚያም በ1984 እና በ1985 በድርቅ መውደቁን አሳይተዋል። ድርቁ እንዲያ የከፋው ከብቱ ለመሬቱ ከበዛ በኋላ ስለመጣ ነው የሚል ነው መከራከሪያቸው። ሌሎች ደግሞ ዋናው የዝናቡ ነገር ነው፣ ቁጥሩ ሁለተኛ ነው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ቁጥር አልጠራጠርም። ነገር ግን ከብቱ በዛ ሲባል መሬቱ ስንት ነበር ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። ፎራ የሚሄድበት ሜዳ በመንደር፣ ረባዳው በእርሻ፣ ገላጣው በእሾህ፣ ዳርቻው በግጭት ከተያዘ፣ ያው ቁጥር ያለው መንጋ በተረፈው ላይ ይበዛል። ከብት ቀንሱ የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነው መሬቱን የቀነሰውን ነገር ሁሉ አብሮ ሲቆጥር ነው።

ስለ ገበያው የሚነገር የቆየ አፈ ታሪክ አለ፤ አርብቶ አደር ከብቱን ለክብር ያከማቻል፣ አይሸጥም ይባላል። የሀሮ በኬን ወይም የዱብሉቅን ገበያ አንድ ቀን ያየ ሰው ይህን አይልም። ወይፈኑና በሬው ይሸጣል፤ በአዳማ ዙሪያ ያሉ ማደለቢያዎች ለውጭ ገበያ ከሁሉ አስቀድመው የሚመርጡት የቦረናን ኮርማ ነው፤ ከዚያ በጅቡቲ ወደ ዓረብ አገሮች ይሻገራል። ሌላው በሞያሌ አድርጎ ወደ ናይሮቢ ይወርዳል። ዝርያው ራሱ ከዚህ አምባ ወደ ኬንያ ወርዶ፣ በእርባታ ድርጅቶች ተሻሽሎ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ደርሷል። የዝርያው ምንጭ የሆነው ሕዝብ ከዚህ ያገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አለመሆኑ ያንገበግባል። ቤተሰቡ የማይሸጠው ጊደርና ላም ነው፤ የማይሸጠውም ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከድርቅ በኋላ ሁለት ላም የተረፈው ቤተሰብ እንበል። የቦረና ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ከዚያም በሁለት ወሊድ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ ያልፋል። ሁለቱ ላሞች በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ያህል ጥጃ ቢወልዱ፣ ግማሹ ሴት ቢሆን፣ አንዷ በሕፃንነቷ ብትሞት፣ ሦስት ጊደር ይተርፋል። ከሦስቱ ለመውለድ የደረሰችው አንዷ ብትሆን ነው። ከአምስት ዓመት ትዕግሥት በኋላ የሚታለበው ሦስት ላም ሆነ ማለት ነው። አሁን የድርቁን ዓመታት እንደርድር፦ 1992፣ 1998፣ 2000፣ 2003፣ 2009፣ ከዚያ 2013። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ስድስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አራት ዓመት ነው። መንጋ ለማገገም የሚፈልገው ጊዜ ድርቁ ከሚሰጠው ጊዜ ይበልጣል። የቀድሞው መጠጊያ ቡሳ ጎኖፋ ነበር፤ ከብት ያለው ጎሣ ለተቸገረው ጊደር ሰጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ይህን ስም ለአደጋ ምላሽ ተቋሙ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ሁሉም ጎረቤት አንድ ላይ ባዶ በቀረበት ጊዜ ሰጪው ማን ይሆናል?

በድርቅ መጀመሪያ ላይ መሸጥ ከቻለ ግን ቤተሰቡ ይተርፋል። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ በሞያሌ አካባቢ ለሁለት የከብት ነጋዴዎች በድምሩ 50,000 ዶላር ብድር ተሰጥቶ፣ ነጋዴዎቹ ከራሳቸው ጨምረው ወደ 20,000 የሚጠጋ ከብት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገዙ። ሻጩ ቤተሰብ በብሩ እህል ገዛ፣ ለቀረው ከብት መኖ ገዛ፣ ከፊሉን በመኪና ሣር ወዳለበት አሻገረ። ከብቱ በእግሩ መቆም እስኪያቅተው ሲጠበቅ ግን ዋጋው ከቆዳው አይበልጥም፤ በቆሎው ደግሞ በዚያው ሳምንት ይወደዳል። የጊዜው ጉዳይ እንዲህ ወሳኝ ሆኖ ሳለ፣ የ1998 ልምድ እንደ መደበኛ አሠራር ሳይያዝ በየድርቁ እንደ አዲስ ሲወጠን ማየት ያሳዝናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የከብት መድን ሌላው ሙከራ ነው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ትብብር የተቀረጸው ይህ መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም፤ ሳተላይት የምድሩን አረንጓዴነት ይለካል፣ ልኬቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ለሁሉም ገዢ ይከፈላል። ካሳው ሣሩን ተከትሎ እንዲከፈል መደረጉ በጣም ይደነቃል፤ ችግሩን በትክክለኛ ስሙ የጠራ የመጀመሪያው ዘመናዊ መሣሪያ ነውና። ይሁን እንጂ ሳተላይት ከሰማይ ሲያይ አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው፤ የእሾህ ቁጥቋጦው ቅጠል ላም ከምትበላው ሣር በቀላሉ አይለይም። ቁጥቋጦው በሰፋ ቁጥር መለኪያው እየተሳሳተ መሄዱ አይቀርም።

የሣሩን መጥፋት ከሰው በፊት የተናገሩም አሉ። ነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ የምትኖር አንዲት ትንሽ የምድር ወፍ አለች፤ የሊበን ላርክ ትባላለች። ጎጆዋን የምትሠራው በሣር ሥር፣ በመሬት ላይ ነው። ሜዳው ሲታረስና ቁጥቋጦ ሲወርሰው ቁጥሯ እጅግ አሽቆልቁሎ ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት አእዋፍ ተርታ ገብታለች። የጋራ ካሎ ታጥሮ ሣሩ በተመለሰበት ሥፍራ ግን ለወፏም ለጥጆቹም በጅቷል። እዚያው አገር የሁለቱ ጥቅም አንድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ የጋራ ይዞታ ወደ ግል ሊለወጥ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። በ2012 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የአርብቶ አደር ልማት ፖሊሲ ተንቀሳቃሽነትን ዕውቅና መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። የቀረው ጥያቄ የጋራ ይዞታው ማስረጃ በማን ስም ይጻፍ የሚለው ነው። በቀበሌ ደረጃ ከተጻፈ፣ ቀበሌው የበጋውን ግጦሽ ይዞ የዝናቡን ያጣል፤ ጎረቤቱ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሁለቱም ወረቀት ይዘው ሁለቱም ይራባሉ። ማስረጃው በዴዳ ስም መጻፍ አለበት፤ ዴዳው በሁለት ወይም በሦስት ወረዳ ላይ ቢያርፍም እንኳ። ወረዳ እንደገና ሲከፈል፣ ዞን ሲቋቋምና ሲታጠፍ አይተናል፤ የዴዳው ወሰን ግን ከሣሩና ከጉድጓዱ ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ይህን ወሰን የሚጠብቀው ሥርዓትም አልሞተም። የቦረና ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያስተላልፋል፤ በ2017 ዓ.ም. 72ኛው አባ ገዳ ተረክቧል። በጉሚ ጋዮ ጉባኤ የሣርና የውኃ ሕግ ይነገራል፣ ይታደሳል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ተደስተናል። ደስታው ለበዓል ቀን ብቻ እንዳይሆን፣ በዚያ ጉባኤ የሚወሰነው የግጦሽ ሕግ በወረዳው ፍርድ ቤትና በግብርና ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሊከበር ይገባዋል። አንድ ግለሰብ በዴዳው ሽማግሌዎች የተከለከለውን ረባዳ አጥሮ ከወረዳ ወረቀት ካገኘ፣ ሽማግሌው በምን ያስቆመዋል?

ጉድጓድ ቁፋሮ ይቁም አልልም። ሰው የሚጠጣው፣ ከተማና ጤና ጣቢያ የሚጠቀምበት ውኃ ሊስፋፋ ይገባል፤ ለሰው የሚሆነው ቧንቧ ለከብት ከሚሆነው ገንዳ ተለይቶ ሊታቀድ ይችላል። ለከብት የሚቆፈረው ግን ከመቆፈሩ በፊት ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚዘጋ፣ ቁልፉም በየትኛው አባ ሄሬጋ እጅ እንደሚሆን በጽሑፍ ይወሰን። የቁፋሮው ወጪ በሚታወጅበት ገጽ ላይ ያ ውኃ የትኛውን ሣር ዓመቱን ሙሉ እንደሚከፍት ይጻፍ። ቁጥቋጦውን ለመመንጠር ለሥራ የሚከፈለው የሴፍቲኔት ጉልበት አለ፤ የተመነጠረው እሾህ ለካሎ አጥር፣ ከፊሉም ለከሰል ይሆናል። የተመነጠረው መሬት ግን ካላረፈና ካልተቃጠለ በጥቂት ዓመት ተመልሶ ይወረሳል።

የእሳቱ ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ሜዳው የሚቃጠለው በቦና ማብቂያ፣ በየካቲት፣ ገንና ከመጣሉ በፊት ነው። የሚቀጣጠል ሣር እንዲኖረው ያ መሬት ካለፈው ሀገያ ጀምሮ ሳይጋጥ መክረም አለበት። ይህ ማለት ዴዳው የትኛውን ሜዳ እንደሚያሳርፍ መስከረም ላይ ወስኖ፣ የዞኑ ግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ፈቃዱን ቢዘገይ በታኅሣሥ መስጠት ይኖርባቸዋል። ላረፈው ሜዳ ምትክ ለመንጋው የሚሆነው ድርቆሽ ደግሞ የሚታጨደው ሀገያው እንዳበቃ፣ ሣሩ ሳይደርቅ ነው፤ የማጨጃውና የማከማቻው ገንዘብ ሐምሌ ላይ በሚጸድቀው በጀት ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት።